ልጅቷን ማን ያነሳታል?

«ልጅቷን የሚያነሳት ሰው አለ አልኩህ እኮ! እህቴ እንዳትሰማ ብቻ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ገብተን ሳንወጣ ነገሩ ይለቅ።»

የሺ ይህን የሰማችው ገና ሲነጋጋ፣ የወንድሟን ሆቴል የጓሮ በር ልትገፋ እጇን ስትዘረጋ ነው። ከበበው ከውሃው ታንከር አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ በስልክ ያወራል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ግን ከበበው ዝቅ ያደረገው ድምፅ ለሌላው ሰው ጩኸት ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ምስጢር ይዞ አያውቅም። የየሺ እጅ በሩ ላይ እንዳለ ቀረ። በሌላው እጇ የያዘችው ፌስታል ውስጥ ራሷ ያሰፋችው ነጭ የሕፃን ቀሚስ፣ ራሷ የገመደችው ማተብና አዲስ ነጠላ አለ። ዛሬ የወንድሟ ልጅ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና የምትነሳበት ቀን ነው። የምታነሳት የሺ ናት። ይህን በወዲህም በወዲያም ሞያሌ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያወራችው ራሷ ናትና። ታዲያ «የሚያነሳት ሰው አለ» ማለት ምን ማለት ነው?

የሺ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ በኬንያው ሞያሌ በርበሬና ሽሮ፣ ነጠላና ሻማ የምትሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ያለቻት ሴት ናት። አልወለደችም። ወንድሟን ግን እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ይህን ሆቴል ሲከፍትም የመጀመሪያዎቹን ስድስት ፍራሾች የገዛችለት እሷ ነበረች። ከበበውና ቃልኪዳን ከተጋቡ ስንት ዓመት ቆይተው ይህችን ልጅ ሲያገኙ የሺ ከአራስ ቤቱ አልጠፋችም። እና አሁን ማን ሊያነሳት ነው? እርግጠኛ ነበረች፤ ያቺ የሰፈሩ ሀብታም፣ ባለ ሁለት ፎቅ ሆቴል ያላት፣ ወርቋ አንገቷን የሚያጎብጣት ሴትዮ ናት። ሀብታም የክርስትና እናት ይሻላል ብሎ ነው! የሺ ስትቆጣ አትጮህም፤ ዝም ነው የምትለው። ዝም ስትል ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል። በሩን ከሚገባው በላይ አንኳኩታ ገባች፤ ከበበው ስልኩን ኪሱ ከተተና «እትዬ፣ መጣሽ?» አላት። «እንግዲህ መጣሁ» አለችው።

ሆቴሉ ዛሬ ተዘግቷል። በሌላው ቀን በዚህ ሰዓት ወደ ናይሮቢ የሚያልፉ ሾፌሮችና ረዳቶች በፊት ለፊቱ ክፍል ተደርድረው ፍርፍር ይበሉ ነበር፤ ዛሬ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። ከኋላ በግራና በቀኝ የተደረደሩት የቆርቆሮ ክፍሎች አልጋ በአራት መቶ ሽልንግ ነው፤ ወደ ማርሳቢት የሚወስደው አስፋልት ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ ግን ሾፌሩ እዚህ ማደሩን ትቶ በአንድ ትንፋሽ ያልፋል። አልጋዎቹን የሚሞሏቸው የጌድዮን እንግዶች ናቸው፤ ከሆሳዕናና ከአካባቢው መጥተው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱ ልጆች። ጌድዮን ደላላ ነው። ራሱ ግን «ትራንስፖርት ላይ ነኝ» ይላል።

በመጨረሻው ክፍል በር ላይ ሚሚ ቆማለች። ሚሚ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ በመጣች ቀን ስሟን ሲጠይቋት ፈርታ «ሚሚ በሉኝ» ብላ ነው። ዐሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ከጌድዮን እንግዶች ጋር መጥታ ወባ ጥሏት ቀረች፤ ጓደኞቿ አለፉ። የሺ ናት አጥሚት እየወሰደች ያስታመመቻት። ልጅቷ ሲሻላት በየሺ ስልክ ደቡብ አፍሪካ ላለው ወንድሟ ደወለች፤ ወንድሟም አስጠርቷት እንደማያውቅ፣ የምትመጣ መሆኗንም እንዳልሰማ ነገራት። ጌድዮን ግን ናይሮቢ የሚቀበላት ሰው አለ ይላል። የሚቀበላት ማን ነው፣ ለምንድን ነው የሚቀበላት ሲባል ይስቃል። ልጅቷ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፤ «እናቴ ጋ ልሂድ»። የሺ ወንድሟን አስቀምጣ ነግራዋለች፤ በአዋሳ አውቶቡስ አሳፍራት፣ አደራህን ብላዋለች። ከበበውም «እሺ፣ ክርስትናው ይለፍና» ብሏል። የሺ እሺ የተባለ ነገር አለቀ ብላ የምታምን ሴት ናት።

«እትዬ የሺ» አለች ሚሚ ቀስ ብላ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ ነበር።»

«ዛሬ ተይኝ የኔ ልጅ» አለቻት የሺ፣ እያለፈቻት። የልጅቷን እግር አየች፤ የቃልኪዳንን ጥቁር ሽፍን ጫማ አድርጋለች። ለክርስትናው አልብሰዋት ይሆናል ብላ አለፈች። ከዚያ ወዲያ አእምሮዋ የነበረው ወርቃሟ ሴትዮ ጋ ነው።

ከበበው ሚሚን ቤት እንድትጠብቅ አዞ የሆቴሉን በር ከውጭ ቆለፈው። «ለምን ትቆልፍባታለህ?» አለች ቃልኪዳን፣ ሕፃኗን እንዳቀፈች። «ሌባ በዝቷል» አላት። በሩ ላይ ሀዎ እንደ ወትሮዋ የግመል ወተት ጄሪካኖቿን ደርድራ ተቀምጣለች። ሀዎ የቦረና ሴት ናት፤ በዚህ በር ላይ ስትሸጥ ከሆቴሉ በፊት ነበረች፤ ከበበውንም «ጎረቤቴ» የምትለው እሷ ባለቤት እሱ ተከራይ የሆነ አስመስላ ነው። ነጭ በነጭ ሆነው ሲወጡ አይታ በእጇ መረቀቻቸው። የሺ ምርቃቱን ተቀብላ ጉዞ ቀጠለች።

ቤተ ክርስቲያኑ በኢትዮጵያ በኩል ነው። ቁልቁለቱን ወርደው፣ ኬላውን አልፈው፣ ዳገቱን መውጣት ነው። የኬንያው ፖሊስ ሕፃኗን አይቶ «ፓስፖርት አላት?» ብሎ ቀለደ፤ ሁሉም ሳቁ፤ የሺ አልሳቀችም። መንገዱን ሙሉ ከወንድሟ ጋር ጎን ለጎን ሄዱ። እሱ አንድ ሁለት ጊዜ ሊያወራት ሞከረ፤ ስለ በጉ ዋጋ፣ ውሃ የሚያመጣው ቦቴ ከትናንት ጀምሮ ስለ መጥፋቱ፣ ጄሪካን ውሃ አምሳ ሽልንግ ስለ መግባቱ። «እንዴ» አለች፣ «አሃ» አለች፤ በቃ። በልቧ ግን የምትለውን እያዘጋጀች ነበር። ሴትዮዋ ስትቀርብ ቀሚሱንም ማተቡንም እሰጣታለሁ፤ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» እላታለሁ፤ ከዚያ ወደ ሱቄ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወንድም የለኝም። ይህን ስታስብ ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ደበቀችው።

የክርስትናው ቤት ከዋናው ቤተ መቅደስ ጎን ያለች አንድ ክፍል ናት። ውሃው በገንዳው ሞልቶ ይጠብቃል፤ በውሃ እጥረት ጊዜ እንኳ ለዚህ የሚሆን ውሃ ጠፍቶ አያውቅም፤ ምዕመኑ ከየቤቱ ቀንሶ በጄሪካን ያመጣል። አባ ወልደ ሥላሴ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ባለፈው ሳምንት የሺን አስጠርተው ስለ ክርስትና እናትነት ሲያስተምሯት አንድ ነገር ብለዋት ነበር። «ሕፃኗ አፍ የላትም። አፏ አንቺ ነሽ። አንቺ የካድሽውን ካደች፣ ያመንሽውን አመነች ማለት ነው። ስለዚህ የምትይውን ዕወቂው።» የሺ ይህን ሰምታ ሳምንቱን ሙሉ ቃሉን ስትለማመድ ነው የከረመችው፤ በርበሬ እየሰፈረች ሳይቀር። ያ ሁሉ ልምምድ ለሰው ሊሆን ነው!

«የክርስትና እናቷ ትቅረብ» አሉ አባ።

የሺ ዞር ብላ ወርቃሟን ሴትዮ በዐይኗ ፈለገች። የለችም።

«እትዬ፣ አንቺን እኮ ነው» አላት ከበበው፣ ክንዷን ገፋ አድርጎ። ቃልኪዳንም ሕፃኗን አንስታ በእጇ ላይ አኖረችላት።

ደስታው ድንገት መጣባትና ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። ለካስ እኔው ነኝ! ለካስ ያለ ነገር ወንድሜን አምቼዋለሁ! ይቅርታ ልትለው ፊቷን አዞረች። ከበበው ግን አላያትም፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጥቅጦ አውጥቶ እያየ ነበር። አይቶ ቶሎ መለሰው። ግንባሩ ላይ ላብ አለ፤ የሞያሌ ፀሐይ ገና ባልወጣችበት ሰዓት ላብ። አባ «ፊትሽን ወደ ምዕራብ» አሏት። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዳሉ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረው ያምናሉ። የሺ ዞረች። ስትዞር ከወንድሟ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ።

ሕፃኗን የማነሳት እኔ ከሆንኩ፣ አለች በሆዷ፣ ጠዋት «የሚያነሳት ሰው አለ» የተባለችው የትኛዋ ልጅ ናት?

ጥቁሩ ሽፍን ጫማ ትዝ አላት። «አንድ ነገር ልንገርሽ ነበር» ያለው ድምፅ ትዝ አላት። ከውጭ የተቆለፈው በር። ማንሳት! መኪናም ያነሳል እኮ፤ ደላላም ያነሳል። የሾፌሮች ቋንቋ ነው፤ ሰውንም ቡናንም ከብትንም «አነሳሁት» ነው የሚሉት። ይህን ቃል በየቀኑ በሱቋ በር እየሰማችው፣ ዛሬ የራሷ ቃል መስሏት፣ ጠዋቱን በሙሉ በማይረባ ቅናት ፈጀችው።

«በይ» አሉ አባ። «እክህደከ ሰይጣን።»

የሺ ዐይኗን ከወንድሟ ላይ አላነሳችም። ሕፃኗ ደረቷ ላይ ትንቀሳቀሳለች። ዲያቆኑ ቃሉ ጠፍቷት መስሎት በሹክሹክታ «እክህደከ ሰይጣን፣ ሰይጣን ሆይ ክጄሃለሁ ማለት ነው» አላት።

«ማለቱን አውቀዋለሁ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «ከበበው፣ ሚሚን ማን ነው የሚያነሳት?» ብላ ጠየቀች።

ከበበው መሬት መሬት አየ። «እትዬ፣ አሁን ይሄ እዚህ የሚነሳ ነው?»

«እሱን ነው የምጠይቅህ። ማን ነው የሚያነሳት?»

«ጌድዮን» አለ በመጨረሻ፣ ልጅ በነበረ ጊዜ ስኳር ሰርቆ ሲያዝ በሚናገርበት ድምፅ። «እኔ ሆቴል ነኝ፣ እትዬ። ያመጣት እሱ ነው፤ መጥቶ ይወስዳታል። እምቢ ካልኩት እንግዶቹን ሌላ ቤት ያወርዳል። ይህችን ልጅ በምን ላሳድጋት?» ብሎ ወደ ሕፃኗ አመለከተ።

«በዚህማ አታሳድጋትም» አለች የሺ። ተቆጥታ ነበር፤ ግን እንደ ጠዋቱ የሚያቃጥል ቁጣ አልነበረም፤ እግሯ መሬት የያዘ ቁጣ ነበር። ወደ አባ ዞረች። «አባቴ፣ አፏ አንቺ ነሽ ብለውኛል። እዚህ ቆሜ ክጃለሁ ብል፣ እዚያ ማዶ ያቺ ልጅ መኪና ላይ እየተጫነች፣ ሕፃኗን በሰማንያ ቀኗ ውሸታም አደረግኋት ማለት ነው። አልችልም። መጀመሪያ ያችኛዋን ላንሳ።»

ዲያቆኑ «ቅዳሴ ሊገባ ነው እኮ!» አለ። አባ ወልደ ሥላሴ ዲያቆኑን በዐይናቸው ዝም አሰኙት። «ሂጂ። ውሃው የትም አይሄድም» አሏት።

የሺ ሕፃኗን ለእናቷ መመለስ ትችል ነበር። አልመለሰችም። ረስቼው ነው ብትል እንኳ በልቧ ታውቀዋለች፤ ሕፃኗ ከሄደች እናት ትከተላለች፣ እናት ከተከተለች አባት ይከተላል፣ አባት ከተከተለ ዘመድ የትም አይቀር። በነጠላዋ ጠቅልላት ወጣች። እነሱም ተከተሉ። ዳገቱን ዘና ብለው የወጡት እነዚያ ነጭ ለባሾች ቁልቁለቱን እየተጣደፉ ሲወርዱ ያየ ሰው ሁሉ መንገዱን ለቀቀ። የኬንያው ፖሊስ «በዚህ ፍጥነት ተጠመቀች?» አለ። «ገና ናት፤ እየተጠመቀች ነው» አለችው የሺ፣ ሳትቆም።

ሆቴሉ በር ላይ ነጭ አውቶሞቢል ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። ሚሚ ከኋላ ወንበር ላይ ናት፤ መስተዋቱን በመዳፏ ትመታለች። መኪናው ግን መሄድ አልቻለም። ከፊቱ የሆቴሉ ግንብ ነው፤ ከኋላው የሀዎ ጄሪካኖች ተደርድረዋል፤ በጄሪካኖቹ ላይ ሀዎ ራሷ ተቀምጣለች። ጌድዮን ወርዶ ይለምናታል፣ ይቆጣታል፣ ጥሩንባ ይነፋባታል። እሷ እግሯን አጣጥፋ በኦሮምኛ «ሂን ዴምቱ» ትላለች፤ «አትሄድም» ማለቷ ነው። መኪናዋን ይሁን ልጅቷን ግልጽ አይደለም። ልጅቷ ጮሃ ሰምታለች፤ ለሀዎ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

ጌድዮን የሺን ሲያይ እፎይ አለ፤ ሐበሻ ከሐበሻ ይግባባል ብሎ ይሆናል። «እትዬ የሺ፣ በናትሽ፣ ይህቺን ሴትዮ አስነሺልኝ። ከከበበው ጋር ጨርሰናል፤ ትርፍ ቁልፉንም የሰጠኝ እሱ ነው። ሳሳ ትዌንዴ፣ አሁን እንሂድ፤ በጊዜ ካልሄድን መንገድ ላይ ፍተሻ ይበዛብኛል» አላት።

«ዛሬ ከዚህ ቤት ልጅ የማነሳ እኔ ነኝ» አለችው የሺ። «አንዷን ይኸው አንስቻለሁ። ሁለተኛዋን ልወስድ ነው የመጣሁት። በሩን ክፈት።»

ጌድዮን ከእሷ ጋር አልተከራከረም፤ ወደ ከበበው ዞረ። ሁሉም ወደ ከበበው ዞረ። ከበበው ቁልፉን በእጁ ያገላብጣል፤ የሆቴሉን ሳጥን ሳጥን የሚያካክሉ ክፍሎች፣ የተገለበጡትን ወንበሮች፣ ስሙ በቀለም የተጻፈበትን የቆርቆሮ ሰሌዳ በየተራ አየ። በዚህ መሀል ቃልኪዳን ናት የተናገረችው። ባሏን እንጂ ጌድዮንን አላየችም። «ጫማዬን ለመንገድ ስጪያት ስትለኝ፣ እናቷ ጋ ልትሄድ መስሎኝ ነው የሰጠኋት» አለች። ከበበው ከየሺ ቁጣ ይልቅ ይህን መቋቋም አቃተው፤ ፊቱ ሲለዋወጥ ታየ።

«ክፈትላት» አለ።

«ከበበው፣ ከዛሬ ወዲያ አንድ እንግዳ እዚህ አላወርድም፤ ዕወቀው» አለ ጌድዮን።

«አታውርድ።»

ጌድዮን ተሳደበ፤ ከዚያ ከፈተ። ሚሚ ወርዳ የሺ ወገብ ላይ ተጠመጠመች፤ ሕፃኗ በሁለቱ መሀል ተጣብቃ መጮህ ጀመረች። የሺ በነፃ እጇ የልጅቷን ራስ እየዳበሰች «ጠዋት ልትነግሪኝ ስትይ ተይኝ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በይኝ» አለቻት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ጌድዮን መኪናው ውስጥ ገብቶ ጥሩንባውን ነፋ። ሀዎ አሁንም አልተነሳችም። «ወተት ግዛ» አለችው በገበያ አማርኛዋ፣ «ወተት ግዛ፣ ከዚያ እኔ ይነሳል።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ገዛም።

ሲመለሱ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሚሚ ከየሺ ጎን እየሄደች የኬላውን ገመድ ስታልፍ ወደ ኋላዋ አላየችም፤ ነገ በአዋሳው አውቶቡስ ትሄዳለች፤ መሳፈሯን ከበበው ሳይሆን የሺ ራሷ መናኸሪያ ቆማ ታያለች፤ እሺ የተባለ ሁሉ አላለቀም፣ ይህን ዛሬ ተምራለች። ዳገቱ መሀል ላይ ልጅቷ «እውነተኛ ስሜ ዐመተ ማርያም ነው» አለቻት። «የክርስትና ስምሽ?» «የክርስትናም የቤትም እሱው ነው።» የሺ ስሙን ሁለት ጊዜ ጠራችው፣ እንዳይጠፋት። ከበበው ከኋላቸው ይከተላል።

አባ ወልደ ሥላሴ ቅዳሴውን አስቆይተው በክርስትናው ቤት ደጃፍ ቆመው ጠበቋቸው። የመጡትን አዩ፤ በጠዋቱ ያልነበረችውን ልጅም አዩ። ምንም አልጠየቁም። ሁሉም በየቦታው ሲቆም የሺ ሳይነገራት ፊቷን ወደ ምዕራብ አዞረች።

«ቀድመሽ ክደሻል፤ አይተናል» አሏት አባ። «ግን ሥርዓት ነውና በቃልም በይው።»

«እክህደከ ሰይጣን» አለች የሺ። ድምፅዋ ግቢውን አልፎ ተሰማ።

አባ ወደሚቀጥለው ሊያልፉ ሲሉ ከኋላዋ ሌላ ድምፅ መጣ፤ «እክህደከ ሰይጣን»። ማንም አልጠየቀውም። ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ሞክሮ ነበር፤ አልቻለበትም፤ ክፍሉ ሁሉ ሰማው። በአርባ ቀኑ ሌላ ሰው አፍ ሆኖ ያለለትን ቃል፣ ከበበው በአርባ ዓመቱ በገዛ አፉ አለው። የሺ ሰማችው፤ ሕፃኗን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ወደ ምሥራቅ» አሉ አባ። ሁሉም ዞረ።